ገንዳው ከአንድ ዓመት በኋላ፦ የተክል አኳሪየምን እንደ ዕድሜው መያዝ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ንግግር የተክል አኳሪየም፣ ማለትም ተክልና ዓሣ አብረው የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ እንዴት እንደሚቋቋም አይደለም። ማቋቋሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሸዋ ማጠብ፣ ተክል መትከል፣ ውሃ መሙላት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአራተኛው ወር አምሮ የሚታይ ገንዳ፣ በአሥራ አራተኛው ወር ቅጠሉ ተበሳስቶ፣ መስታወቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሶ፣ ዓሦቹም ማለዳ ማለዳ ከውሃው ፊት ወጥተው አየር ሲስቡ ይገኛል። ባለቤቱ ግን ያጓደለው ነገር የለም፤ በአራተኛው ወር ያደርግ የነበረውን ሁሉ ዛሬም ያደርጋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ተክሉ በዝቷል፣ አሸዋው ውስጥ ዝቃጭ ተከማችቷል፣ ማጣሪያው ደክሟል፣ እንክብካቤው ግን ባለበት ቆሟል።

ቁጥሮቹ እንዳይምታቱ አንድ ገንዳ ለምሳሌ እንያዝ። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በስሌት 126 ሊትር ይሆናል። አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ግን የሚይዘው ውሃ 100 ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒትም ማዳበሪያም የሚለካው በዚህኛው ቁጥር ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ ስትሞሉት ጀሪካኑን መቁጠር ነው። ያንን ሳያደርጉ ያለፉ ሰዎች ማዳበሪያውን ሁልጊዜ ሩብ ያህል አብዝተው ይጨምራሉ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በአጭሩ ልለፋቸው። ከምግብ ትራፊና ከሚበሰብስ ቅጠል የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ባክቴሪያዎቹ በበቂ ቁጥር እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ መብራቱ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ፤ ግማሹ ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየር። ቡናማ አቧራ የመሰለው አልጌ በመስታወቱና በቅጠሉ ላይ ይመጣል፤ በጣት ጠረግ ማድረግ ይበቃል፣ ራሱ ይጠፋል። ዓሣ የሚገባው የአሞኒያና የናይትራይት ምርመራ ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ነው።

አሁን ወደ ውሃ ቅየራ እንምጣ፤ ብዙ ገንዳ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በሳምንት ግማሹን፣ ማለትም 50 ሊትር መቀየር የምንመክረው ቆሻሻ ለማውጣት ብቻ አይደለም። አንድ ቀላል ሒሳብ አለው። በሳምንት የምትጨምሩት ማዳበሪያ ናይትሬቱን በሊትር 10 ሚሊ ግራም ከፍ ያደርጋል እንበል። ተክሉ ምንም ባይጠቀምበት እንኳ፣ በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ የምታወጡ ከሆነ መጠኑ 10፣ 15፣ 17.5 እያለ ይሄድና ከ20 አያልፍም። ሩቡን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ግን እስከ 40 ይወጣል። ስለዚህ የምርመራ ዕቃ የሌለው ሰው እንኳ የቅየራውን መጠን ካወቀ፣ ገንዳው ውስጥ ሊጠራቀም የሚችለውን ጣሪያ ያውቃል። ይህን ሒሳብ የያዘ ሰው ማዳበሪያን አይፈራም።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑን በአመዛኙ ለቅቋል ማለት ይቻላል፤ ክፍት በሆነ ባልዲ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የቆየ ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው። በፈረቃው ቀን በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳውን ግን አትመኑት። 10 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሟችሁ ካስቀመጣችሁ፣ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ላለበት 50 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ውሃው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ነው የሚጨመረው።

የውሃው ምንጭም አንድ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የወለል ውሃ ነው፤ ከአቃቂ የሚመጣው ከጉድጓድ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። የጎረቤት ገንዳ ያማረበት ተክል እናንተ ጋ ቅጠሉ ቢጠማዘዝ አትደነቁ። የካርቦኔት ጥንካሬውን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟውን የካርቦኔት መጠን፣ ቢያንስ በየወቅቱ አንድ ጊዜ ለኩ። ገንዳው ውስጥ የምታስገቡትን ድንጋይም መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበትና እዩት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል።

ሌላው ቅዝቃዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሮቶ ውሃ 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ግማሹን ውሃ በአንዴ በእንዲህ ዓይነቱ ብትተኩ 25 ዲግሪ የነበረው ገንዳ ወደ 21 ተኩል ይወርዳል፤ ዓሦቹ በነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚያዙት ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 45 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 5 ሊትር የፈላ ውሃ ብትቀላቅሉ 25 ዲግሪ ያህል ታገኛላችሁ። ቅልቅሉ በባልዲ ውስጥ ይሁን፤ ወደ ገንዳው የፈላ ውሃ አይፈስስም። ማሞቂያውን ደግሞ ውሃ ከመቀነሳችሁ ከ15 ደቂቃ በፊት ንቀሉት፤ እንደጋለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ውሃ ለሳምንታት ቢጠፋስ? መብራቱን ወደ 5 ሰዓት አውርዱት፣ የዓሣውን ምግብ በግማሽ ቀንሱት፣ ማዳበሪያውንም እንዲሁ። የተነነውን ብቻ እየተካችሁ ገንዳው ሦስትና አራት ሳምንት ያለ ጉዳት ይቆያል። መብራቱን ሳይነኩ ማዳበሪያውን ብቻ ማቋረጥ ግን ስሕተት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ብርሃን ለተክል ከድስት ሥር እንዳለ እሳት ነው። እሳቱ ሲበረታ ድስቱ ውስጥ ውሃ ካልጨመርን ወጡ ያርራል። ብርሃኑ ከፍ ሲል ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ብረት በፍጥነት ይፈልጋል፤ አንዱ ሲያልቅበት እድገቱ ይቆማል፣ የቀረው ብርሃንና ምግብ የአልጌ ሲሳይ ይሆናል። ዩስተስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን ለእርሻ ያስተማረው ሕግ ይኸው ነው፤ ምርቱን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ችግር በታየ ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው መብራቱ ነው። በቀን 8 ሰዓት ለማንኛውም ገንዳ ይበቃል። ተቆጣጣሪ ሰዓት ግዙለት፤ በእጅ የሚበራ መብራት አንድ ቀን 6፣ ሌላ ቀን 12 ሰዓት መሆኑ አይቀርም።

ማዳበሪያውን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። በ500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 16 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት፣ 1.5 ግራም ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌትና 11 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት አሟሙ። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በ100 ሊትር ገንዳ ላይ ሲጨመር ናይትሬቱን በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌቱን 0.2፣ ፖታሲየሙን ከ2 ጥቂት ከፍ ያደርጋል። በሳምንት አምስት ቀን ብትጨምሩ ከላይ በሒሳቡ ያየነው 10 ሚሊ ግራም ይሞላል። ይህ መካከለኛ ብርሃንና ጥቅጥቅ ያለ ተክል ላለው ገንዳ ነው፤ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብቻ ለያዘ፣ ብርሃኑም ለደከመ ገንዳ ሲሶው ይበቃል። ብረትና ሌሎቹ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በሌላ ጠርሙስ፣ በሌላ ቀን ይሰጡ፤ ከፎስፌት ጋር በአንድ ጠርሙስ ከተቀላቀሉ ብረቱ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ በጥብቅ የማሳስበው ነገር አለ። የገበሬው ዩሪያና ዳፕ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሁለቱም ውሃ ውስጥ የሚሰጡት ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ደግሞ የአሞኒያ መርዛማነት ይበረታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ የገንዳውን ዓሣ ሁሉ ሊፈጅ ይችላል።

ምን እንደጎደለ ማን ይነግረናል? ቅጠሉ። ግን የትኛው ቅጠል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲጎድሉ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ ታች ባለው ቅጠል ላይ ይታያል። አሮጌው ቅጠል እንዳለ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ ናይትሮጅን ነው። መጀመሪያ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ፣ ቀጥሎ ቀዳዳ ካሳየ ፖታሲየም ነው። የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ከነጣ ማግኒዚየም ነው፤ 1 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት በ100 ሊትር ላይ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ይጨምራል። ፎስፈረስ ሲያንስ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ እድገቱ ይጫጫል፣ መስታወቱና የአኑቢያስ ቅጠል ላይም በጥፍር የማይለቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል። ብረትና ካልሲየም ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አይሻገሩም። ጫፍ ላይ ያለው ቅጠል ከነጣ ብረት፣ ከተጠማዘዘና ካነሰ ካልሲየም ጎድሏል። ካስተካከላችሁ በኋላ ውጤቱን የምትፈርዱት ከዚያ ወዲህ በበቀለው ቅጠል ነው። የተበሳው አይድንም፤ ይቆረጥ። ለዚህም ሁለት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። በየሦስት ቀኑ መጠን የሚለዋውጥ ሰው የቱ እንደጠቀመው በጭራሽ አያውቅም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሁሉም ገንዳ ግድ አይደለም። ለሮታላና ወለል ለሚያለብሱ አጫጭር ተክሎች ግን ያለ እርሱ ዓመት መዝለቅ ከባድ ነው። በሲሊንደር የሚሰጥ ከሆነ ጋዙ መብራቱ ከሚበራበት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይከፈት፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋ። መጠኑ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ገደማ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ የካርቦኔት ጥንካሬው 4 ዲግሪ በሆነ ውሃ ፒኤቹ ወደ 6.6 ሲወርድ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በቤት ውስጥ በእርሾ የሚሠራው ደግሞ ይህ ነው፦ ሁለት ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ፣ 200 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውሃ። ጋዙ በቱቦ ወደ ሁለተኛ ትንሽ ጠርሙስ ይግባ፤ አረፋው ገንዳው ውስጥ እንዳይፈስስ ያ ጠርሙስ ይይዘዋል። ከዚያ ውሃ ወደ ኋላ በማያስመልስ ቫልቭ አልፎ ወደ ገንዳው ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ይሠራል። ቱቦው ከተደፈነ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ስለሚችል በየቀኑ አረፋ መውጣቱን ተመልከቱ።

የእርሾው ድክመት ሌሊት አለመቆሙ ነው። ይህ ደግሞ በደጋ አገር የበለጠ ያሳስባል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊይዝ የሚችለው 6.2 ገደማ ብቻ ነው። ሌሊት ተክሉም፣ ዓሣውም፣ ባክቴሪያውም ከዚሁ ይጋራሉ። የውጭ አገር መጻሕፍት ለ100 ሊትር የሚፈቅዱትን የዓሣ ብዛት እኛ ሩቡን ቀንሰን ብንይዝ ይሻላል፤ የማጣሪያው መውጫም የውሃውን ፊት በትንሹ እንዲያንቀሳቅስ ይደረግ። እርሾ የሚጠቀም ሰው ሌሊት የአየር ፓምፕ ያስነሳ። ማለዳ ዓሦቹን ላይ ላይ ካገኛችኋቸው ገንዳው ሌሊቱን ታፍኖ አድሯል ማለት ነው።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ ለ100 ሊትር በሰዓት ከ500 እስከ 600 ሊትር የሚያዞር ይበቃል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ ነው። የቧንቧ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሁለት ስፖንጅ ካለ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይታጠብ። መቼ ይታጠብ ለሚለው ቀን አልቆርጥም፤ ከመውጫው የሚመጣው ውሃ ሲደክምና ሩቅ ያለው ተክል መወዛወዝ ሲያቆም ነው።

መብራት ሲጠፋ ከዓሣው ቀድሞ የሚጎዳው ዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ውሃው መዞሩን ሲያቆም በውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ ማጣሪያው ዝም ብሎ እንዲነሳ አትፍቀዱ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በውስጡ የቆየውን የሸተተ ውሃ ደፍታችሁ፣ ስፖንጁን ለቅለቅ አድርጋችሁ አስነሱት። በጨለማው ጊዜ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይረዳል። ከሌለም በየሰዓቱ በጆግ እየጠለቁ ከአንድ ክንድ ከፍታ ደጋግሞ ማፍሰስ ኦክስጅን ያስገባል። ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለልም ሙቀቱን ያቆያል።

ስለ አልጌ ሁለቱን ብቻ ላንሳ፤ ሌሎቹ ብርሃንና ማዳበሪያ ሲስተካከል ይቀንሳሉ። ጥቁር ጢም የመሰለው የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከቀን ቀን ሲዋዥቅ ነው። ማጣሪያውን ለ10 ደቂቃ አጥፍታችሁ፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በመርፌ በቀጥታ አልጌው ላይ አስነኩት፤ ለ100 ሊትር በአንድ ጊዜ ከ25 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። በሁለትና ሦስት ቀን ወደ ሮዝ ይቀየርና ይሞታል። ሰማያዊ አረንጓዴ ልጋግ የሆነውና መጥፎ ጠረን ያለው ደግሞ እንደ ሌሎቹ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ናይትሬት ባለቀበትና ውሃ በማይዘዋወርበት ጥግ ይወዳል። በቱቦ ምጠጡት፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ጨለማ አድርጉት፤ አየር ፓምፑ አይቋረጥ። ሲገለጥ እንደገና ግማሹን ቀይሩና ናይትሬቱን ወደ 10 መልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ወደ መከርከሙ እንምጣ፤ ገንዳው በዓመታት ውስጥ የሚለወጠው በመቀስ ነው። ግንድ ያላቸው ተክሎች፣ ሮታላና ሃይግሮፊላ፣ ጫፋቸው የውሃውን ፊት ሲነካ ታችኛው ክፍላቸው ጥላ ውስጥ ይገባና ቅጠሉን ያራግፋል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከግማሽ ላይ ቁረጡት፤ ከየቁራጩ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይደነድናል። በአራተኛው ግን ታችኛው ግንድ አርጅቷል። ነቅላችሁ ጣሉትና ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ጤነኛ ጫፍ አንድ በአንድ እንደገና ትከሉት። ቫሊስነሪያ በአሸዋው ሥር እየተሳበ ልጆቹን ይዘረጋል፤ የማትፈልጉትን ከእናቱ ቁረጡና ንቀሉ፣ ካልሆነ በዓመት ውስጥ ገንዳውን ይወርሰዋል። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን ስትከፋፍሉ አግዳሚ ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ አይቀበር፤ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ሁሉ ሊያቀልጥ ይችላል፤ ሥሩ ግን አልሞተም፣ አትንቀሉት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ያወጣል።

በአንድ ቀን ከተክሉ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ከቆረጣችሁ በኋላ የሚመገበው ተክል ቀንሷልና ለአንድ ሳምንት መብራቱን ወደ 6 ሰዓት፣ ማዳበሪያውንም በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። በማግሥቱ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ነው ከእያንዳንዱ የመከርከሚያ ቅዳሜ በኋላ አልጌ የሚወርሰው።

አሸዋውም ያረጃል። ገንቢ አፈር ከሥር ያለው ገንዳ በዓመት ከመንፈቅ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ኃይሉን ይጨርሳል። ምልክቱ ውሃው ውስጥ ማዳበሪያ እያለ እንደ ኢኪኖዶረስ ያሉ በሥራቸው የሚበሉ ተክሎች ቅጠላቸው ማነስ ነው። ያኔ የሥር ማዳበሪያ እንክብል በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ በየሦስት ወሩም ድገሙት። ትልቅ ተክል መንቀል ካስፈለገ ሥሩን በአሸዋው ውስጥ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። በጉልበት ከተነቀለ የተከማቸው ዝቃጭ ሁሉ ውሃው ላይ ይነሳል፣ አሞኒያም አብሮ ይነሳል። ገንዳውን በሙሉ አፍርሶ እንደ አዲስ ከመጀመር፣ በየስድስት ወሩ አንድ ሩብ እየለዩ ማደስን እኔ አብልጬ እመርጣለሁ፤ ባክቴሪያውም ዓሣውም ሳይረበሽ ገንዳው በሁለት ዓመት ይታደሳል።

አዲስ ተክል ሲመጣ ቀንድ አውጣና አልጌ ይዞ ይመጣል። አንድ እጅ በረኪና በ20 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ90 ሴኮንድ ንከሩት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃና በታዮሰልፌት እጠቡት፤ ቫሊስነሪያ ግን በረኪና አይችልም። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተቀጠፈን ተክል በባዶ እጅ አትያዙ፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት በእንዲህ ያለ ተክል ላይ ነው። ቀንድ አውጣን ለማጥፋት እንዶድ የሚያስቡ አሉ። እውነት ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋግጠዋል። ነገር ግን ያው አረፋው ዓሣንም ይገድላል፤ ገንዳ ውስጥ አይገባም። የዓሣውን ምግብ ቀንሱ፣ ማታ አንድ የጎመን ቅጠል አስገብታችሁ ማለዳ ቀንድ አውጣዎቹ እንደተሰበሰቡበት አውጡት።

ከመከርከም የተረፈው ተክል የት ይሄዳል? ለወዳጅ መስጠት ጥሩ ነው። የተረፈው ግን ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት አይጣል። እምቦጭ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ጣና ላይ በ2011 ታወቀ፤ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው እስከ ዛሬ እየታገሉት ነው። እርሱም በአበባው ውበት ለጌጥ ሲባል ከአገር አገር የተጓዘ ተክል ነው። ተንሳፋፊ ተክል ከአንዲት ቁራጭ ይራባልና፣ የከረከማችሁትን በላስቲክ ወይም በቆርቆሮ ላይ አስጥታችሁ እስኪሰባበር ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ በክረምት ሳምንት፣ በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ለጓሮ ጎመኑ ብስባሽ ላይ ጨምሩት። ከገንዳው የወጣውን 50 ሊትር ውሃም ወደዚያው አጠጡት፤ ናይትሬት አለበትና ጎመኑ ይወደዋል።